የጓሮ አፈር፦ ከማዳበሪያው በፊት አንድ ጉድጓድ

ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ፣ ደሴ ሸዋ በር የሚኖሩት አክስቴ ጎመናቸው ቢጫ ሆኖባቸው አስጠሩኝ። «ሦስት ጊዜ ዩሪያ በተንኩለት» አሉ መደቡን እያሳዩኝ፤ «ጠግቦ ተኛ እንጂ አልተነሣልኝም።»

ዶማ አምጥቼ ከመደቡ ጥግ ስንዝር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ቆፈርኩ። የላይኛው ሦስት ጣት ያህል ጥቁርና ልል ነበር። ከዚያ በታች የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዶማውን የሚመልስ፣ ግራጫማ ቢጫ፣ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የጡብ ስባሪና የፌስታል ቁራጭ የተቀላቀለበት ድፍን አፈር። ቤቱ ሲሠራ ከመሠረቱ የወጣው አፈር ግቢው ላይ ተደልድሎ፣ በላዩ ላይ ስስ ጥቁር አፈር ተነስንሶበት ኖሯል። ጉድጓዱን በባልዲ ውሃ ሞልተን አደርን። ጠዋት ስንመለስ ውሃው እዚያው ነው፤ አንድ የጎመን ቅጠል ተንሳፍፎበታል። አክስቴ አጎንብሰው አዩና «ታዲያ እዚህ ላይ ሩዝ ነበር እንጂ የሚዘራው!» አሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሌማት ትሩፋት ሲባል በከተማም ጓሮን ማልማት የየቤቱ ወሬ ሆኗል። ወሬው ግን በአብዛኛው ስለ ዘር፣ ስለ ችግኝና ስለ ማዳበሪያ ነው። ከሥር ስላለው አፈር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ጓሮ ላለው ሰው አፈሩ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና በምን እንደሚሻሻል ያስረዳል።

አፈር ውስጥ ምን አለ?

ብዙ ሰው አፈርን እንደ ምግብ ማስቀመጫ ያየዋል፤ ማዳበሪያ ይጨመርበታል፣ ተክሉ ይበላዋል። ነገሩ ግን ከማስቀመጫ ይልቅ ወደ ቤት ይቀርባል። ከጥሩ የጓሮ አፈር አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብንወስድ ጠጣሩ ክፍል ግማሽ ያህል ብቻ ነው። 45 በመቶ ገደማው ከድንጋይ የተፈጨ ማዕድን፣ እስከ 5 በመቶ የሚደርሰው የበሰበሰ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ነው። የቀረው ግማሽ ክፍት ቦታ ሲሆን፣ በደህናው ቀን እኩሌታውን ውሃ፣ እኩሌታውን አየር ይይዘዋል።

ይህን ለመረዳት ምጣድ አጠገብ መቆም ይበቃል። አንዱ እንጀራ ዓይን ያወጣል፣ ሌላው ድፍን ሆኖ ይቀራል። ጤፉ አንድ፣ ውሃው አንድ ሊሆን ይችላል። ዓይን ያወጣው ወጡን ይመጥጣል፤ ድፍኑ ላይ ግን ወጡ ተንሸራቶ ከትሪው ጥግ ይጠራቀማል። አፈርም ዓይን አለው። ትልልቆቹ ዓይኖች ትርፉን ውሃ ወደ ታች ይለቅቃሉ፣ አየር ያስገባሉ፤ ጥቃቅኖቹ ደግሞ ለነገ የሚሆነውን ውሃ ይይዛሉ።

አየሩ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ሥር ይተነፍሳል። ቅጠሉ በፀሐይ የሠራውን ስኳር ሥሩ የሚጠቀምበት በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን ነው፤ ከአፈሩ ምግብ ስቦ የሚያስገባውም በዚያ ጉልበት ነው። ዓይኖቹ በውሃ ሲሞሉ ሥሩ ይታፈናል፣ ሲታፈን ምግብ ማስገባት ያቆማል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። የአክስቴ ጎመን ማዕድ ላይ ቀርቦ አፉ የታሰረ እንግዳ ነበር። ይባስ ብሎ አየር በሌለው አፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሮጅንን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ ሰማይ ይለቁታል። ከሦስቱ ዙር ዩሪያ ጥቂት የማይባለው የሄደው ወደዚያው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ለምን አፈራቸው ይለያያል?

የሁለቱም አባት አንድ ነው። የወሎ ከፍታዎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው፤ ያ ጥቁር ድንጋይ ሲበሰብስ በአብዛኛው ሸክላማ አፈር ይሰጣል። ልዩነቱን ያመጡት ቁልቁለቱና ሙቀቱ ናቸው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ግቢዎቿ አብዛኞቹ ተዳፋት ናቸው፤ ቤት ለመሥራት ላይኛው ይቆረጣል፣ ታችኛው ይሞላል። ከላይ በኩል የተቆረጠው ግቢ ጭንጫ ሆኖ ይቀራል፣ የታችኛው ደግሞ እንደ አክስቴ ግቢ ከመሠረት በወጣ ሙሊት ይሸፈናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከአዝዋ ገደል ወዲህ ያለው ጎርፍ ሁሉ ላይኛውን ለም አፈር ይዞ ለመውረድ ይቸኩላል። ስለዚህ የደሴ ጓሮ ዋና ሕመም አፈሩ በቦታው አለመኖሩ ነው።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚለዋወጥ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ 4 ዲግሪ ያህል ትሞቃለች። ሜዳው ላይ ከተራራው የወረደ ደለልና ዋልካ ተኝቷል። ዋልካ፣ ሌላ ቦታ መረሬ የሚሉት፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ በክረምት ጫማ አይለቅም። ምግብ አያጣም፤ ችግሩ ዓይኑ መዘጋቱ ነው። ሙቀቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበስበስ ፍጥነት በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ ኮምቦልቻ ላይ የተጨመረ ፍግ ደሴ ላይ ከተጨመረው ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ከደሴ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ቢጨምር አይበዛበትም።

የእኔ አፈር የትኛው ነው?

ሦስት ሙከራዎች አሉ፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

መጀመሪያ እጃችሁን ተጠቀሙ። ከመደቡ አንድ ጭብጥ ወስዳችሁ ድንጋዩን ለቅማችሁ በውሃ እያራሳችሁ እንደ ሊጥ እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። ጭራሽ አልያያዝ ካለ አሸዋማ ነው። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በፊት ከተበጠሰ መካከለኛ፣ ይህም ለጓሮ የተመረጠው ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ ሸክላው የበዛ ነው። የልዩነቱ ምንጭ የቅንጣቶቹ መጠን ነው። ትልቁ የአሸዋ ቅንጣት 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሸክላ የሚባለው ግን ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። አንዲት የሸክላ ቅንጣት የጤፍ ፍሬ ብታህል ኖሮ፣ ያ አሸዋ አንድ ሜትር የሚሆን ቋጥኝ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው የብርጭቆ ሙከራ ነው። የማር ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ብርጭቆ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉበት፤ ቁንጥር ኦሞ ጨምሩና ደህና አድርጋችሁ ናጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ከሥር ይቀመጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደለሉ ይከተላል። ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይወስድበታል፤ እስከዚያ ውሃው ደፍርሶ ይቆያል። ከላይ የሚንሳፈፈው ጥቁር ፍርፋሪ ያልበሰበሰ ቅሪት ነው። የእያንዳንዱን ንጣፍ ውፍረት በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

ሦስተኛው የአክስቴ ጉድጓድ ነው፤ ከሁሉም የማምነው እሱን ነው። ጥልቀቱም ስፋቱም 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንዴ ሞልታችሁ ይስረግ፤ እንደገና ሙሉትና በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ መልካም ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የተክሉ ሥር በክረምት ይታፈናል። በጣም ቶሎ ከጠፋ ደግሞ አፈሩ ወንፊት ነው፤ ውሃውም ማዳበሪያውም አብረው ይሄዳሉ።

አፈሩ ምግብ እያለው ተክሉ ለምን ይራባል?

አንዱ ምክንያት መታፈን መሆኑን አይተናል። ሌላው ጎተራ ማጣት ነው። የሸክላ ቅንጣትና የበሰበሰ ቅሪት በላያቸው ላይ ያለው ኤሌክትሪካዊ ሙል እንደ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና አሞኒየም ያሉትን ምግቦች ስቦ ይይዛል፤ ሥር ሲጠይቅ ይለቅቃል። አሸዋ ይህ አቅም የለውም። ጎተራ የሌለው ቤት እህል ቢገባለትም ዝናብና አይጥ ይካፈሉታል። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ዓይነት ግን በየትኛውም ጎተራ አይያዝም፤ ዝናብ ሲበዛ ወደ ታች ይታጠባል። ስለዚህ ናይትሮጅን በአንድ ቀን ከሚዘረገፍ ከፋፍሎ መስጠት ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት የአሲድነት ጉዳይ ነው፤ በዜና በተደጋጋሚ ስለሚነሣ ትንሽ ላብራራው። የአፈር ኮምጣጣነት ከ0 እስከ 14 ባለው መለኪያ ይነገራል። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች ኮምጣጣ፣ ከዚያ በላይ አልካሊ ይባላል። አንድ ቁጥር መውረድ አሥር እጥፍ መኮምጠጥ ማለት ነው። አብዛኛው የጓሮ አትክልት ከ6 እስከ 7 ባለው ይስማማዋል። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረስም እህል እንደሞላበት የተቆለፈ ጎተራ ይሆናል። መፍትሔው ኖራ ነው።

ግን ልብ በሉ። የአሲድ ችግር የከፋው ዝናብ በዝቶ ለረጅም ጊዜ በሚዘንብባቸው እንደ ጎጃም፣ አዊና ወለጋ ባሉ አካባቢዎች ነው፤ ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው። የጎጃም ዘመድ ኖራ ጨምሮ ስንዴው አማረ ብሎ የኮምቦልቻ ዋልካ ላይ ኖራ መነስነስ የሌላውን ሰው መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ቢያንስ አንድ ቀላል ነገር አድርጉ፤ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ቢፍለቀለቅ አፈሩ ውስጥ የኖራ ዘር አለ፤ ኖራም አመድም አያስፈልገውም። ባይፍለቀለቅ ግን ኮምጣጣ ነው ማለት አይደለም፤ እሱን ላቦራቶሪ ነው የሚለየው።

ዩሪያ ክፉ ነው?

አይደለም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ተክል ቅጠል የሚያወጣበት። ኤን ፒ ኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ይዟል። ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ የተዘጋ ዓይን ግን አይከፍቱም። ሲበዙም ጉዳት አላቸው። ሥጋ ላይ ጨው ሲነሰነስ ውሃው ተስቦ እንደሚወጣና ቋንጣ እንደሚሆን ሁሉ፣ ሥሩ አጠገብ የበዛ ማዳበሪያ ውሃውን ከሥሩ ይስባል። የቅጠሉ ጠርዝ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ቅጠሉን ማንበብ ከቻላችሁ ብዙ ወጪ ትድናላችሁ። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አንሷል። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ተቆልፏል፤ ይህ አልካሊ በበዛበት አፈር ላይ ይታያል። ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከሄደ ፎስፈረስ ጎድሏል፤ ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ብርዱ ብቻውን ይህን ስለሚያደርግ አትቸኩሉ። ሁሉም ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ ከረጠበ ከረጢቱን አስቀምጡና ዶማ አንሡ።

ኩበቱ ለምድጃ ወይስ ለጓሮ?

እዚህ ላይ ነው የአፈር ማሻሻል ዋናው ነገር ያለው። አሸዋውንም ዋልካውንም የሚያስታርቀው አንድ ነገር ቢኖር የበሰበሰ ቅሪት ነው። አሸዋው ላይ ጎተራ ይሆናል። ሸክላው ላይ ደግሞ ትሎችና ረቂቅ ሕዋሳት ሲበሉት የሚያወጡት ሙጫ መሰል ነገር ቅንጣቶቹን እያያያዘ እንደ አምባሻ ፍርፋሪ ያደርጋቸዋል፤ በፍርፋሪዎቹ መካከል ያ የምንፈልገው ዓይን ይከፈታል።

የወሎ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም እበቱን የሚጠፈጥፈው። እንጨት ውድ ነው፣ ምድጃው ይጠብቃል። ግን ሒሳቡን ማወቅ ደግ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ቅሪቱ በጭስ ይሄዳል፤ ፖታሲየሙ፣ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ በአመድ ይቀራል። ስለዚህ አመዱ ቆሻሻ አይደለም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሁለት እፍኝ ይበተናል። ከዚያ ሲበዛ አፈሩን ወደ አልካሊ ይገፋዋል። ከዩሪያና ከእርጥብ እበት ጋር ግን አታገናኙት፤ ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ያበርረዋል። አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እሱ ነው።

ከብት የሌለው የከተማ ቤትም ብስባሽ የሚሆን አያጣም። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ አረም፣ የበጉ በጠጥ፣ የጋሪ ፈረስ ፋንድያ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚፈላበት ቤት ደግሞ የቡና አተላ በየቀኑ ይጥላል፤ እሱም ናይትሮጅን ያለበት ነው። እነዚህን እርጥብ እንበላቸው። ጭድ፣ ደረቅ ቅጠልና የበቆሎ አገዳ ደረቅ ናቸው። በቅርጫት ሲሰፈር ሁለት ሦስት ደረቅ ለአንድ እርጥብ አድርጋችሁ በየተራ ደርድሩ፤ በየንጣፉ እፍኝ አሮጌ ብስባሽ ወይም የጓሮ አፈር ነስንሱበት። እርሾ ነው፤ ያለ እርሾም ይቦካል፣ ግን ይዘገያል። እርጥበቱ ታጥቦ እንደተጨመቀ ልብስ ይሁን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደሴ ላይ ሞልቷል፤ ሌላ ተክል የሚያቀጭጭ ነገር ስላለውና ለመበስበስ ስለሚዘገይ አታብዙት።

በሳምንት ውስጥ ቁልሉ መሞቅ አለበት፤ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ረጅም እንጨት እስከ መሃሉ ሰክታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ስታወጡት እጅ ላይ ሞቅ ካለ ሥራው ተጀምሯል። ቀዝቅዞ ደርቆ ከወጣ ውሃ ይፈልጋል፤ ከሸተተ እርጥበቱ በዝቶ ታፍኗል፣ ጭድ ጨምሩና ገልብጡት። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይገለበጣል። ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ወር ገደማ ሊበቃው ይችላል፤ ደሴ ላይ አምስት ስድስት ወር ጠብቁት። የዝናብ አፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል።

ምን ያህል? ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት የ20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ። ሲዘረጋ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከላይኛው ስንዝር አፈር ጋር ይቀላቀላል። ያልበሰበሰ እበትና የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል፣ በሽታም ሊያመጣ ይችላል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ከሆነ ከለቀማው አራት ወር ቀድሞ አፈር ውስጥ መግባት አለበት።

ዋልካ ላይ አሸዋ ብጨምርበትስ?

አይሆንም። የሚበቃው መጠን ብዙ ጋሪ ነው፤ በጥቂቱ ከተጨመረ ሸክላው በአሸዋው መካከል ያለውን ቀዳዳ ሞልቶ የደረቀ ጡብ ይሆናል። ዋልካ ላይ የሚያዋጣው መሬቱን ከፍ ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ጥቁር አፈራቸውን ከጥንት ጀምሮ በእጅ እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ይሠሩለታል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሥሩ ከውሃው በላይ ይተነፍሳል። ለጓሮ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ መደቡን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ መሸፈን ስንጥቁንም ትነቱንም ይቀንሳል።

መቼ ልጀምር?

አፈሩ ሲፈቅድ። አንድ ጭብጥ ጨምቃችሁ በጣት ስትነኩት ከፈረሰ ቆፍሩ። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ተዉት፤ ርጥብ ሸክላ ሲቆፈርና ሲረገጥ ዓይኑ ይዘጋል፣ የዚያን ቀን ጥፋት ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ከበልጉ ዝናብ በፊት ያለው ጥርና ከክረምቱ በፊት ያለው ግንቦት አመቺ ናቸው። ቁልቁለት ግቢ ያላቸው ከመደቡ በላይ በኩል ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ካልሠሩ የለፉበት ብስባሽ ቦርከና ወንዝ ይገባል።

ልኩን ማወቅ የሚፈልግ ደሴ ላይ የአፈር ላቦራቶሪ አለለት። ናሙናው ግን ከአንድ ቦታ የተዛቀ መሆን የለበትም። ከጓሮው ስምንት አሥር ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ በንጹሕ ባልዲ ደባልቁት፤ ጥላ ላይ አድርቁትና ከዚያ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሰዱ። ማዳበሪያ ወይም አመድ በቅርቡ ከተበተነ ውጤቱ ስለሚዛባ ቆይታችሁ ብትወስዱ ይሻላል።

ለአክስቴ ግን የሰኔው አፈር ጭቃ ስለነበር ከዚያች ጉድጓድ በቀር ምንም አልቆፈርንላቸውም። ላዩ ላይ በድንጋይ ከፍ ያለ መደብ ካብንላቸው፣ ጥቁር አፈርና የጎረቤት ፍግ ቀላቅለን ሞላነው፣ ከላይ በኩል ቦይ አወጣን። መጀመሪያ የተዘራው ባቄላ ሆነ። መስከረም ላይ አንዱን ተክል በጥንቃቄ ነቅለን ሥሩን አጠብነው፤ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የሚበልጡ እብጠቶች ተለጥፈውበታል። አክስቴ በሽታ መስሏቸው ደነገጡ። «አብሽሪ፣ አክስቴ» አልኳቸውና አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት፤ ውስጡ እንደ ድድ ቀይ ሐምራዊ ነው። ባቄላው በውስጡ ላሉት ባክቴሪያዎች ስኳር እየሰጠ እነሱ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ይሠሩለታል፤ ቀለሙ በሥራ ላይ መሆናቸውን ይናገራል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ኖሮ ሥራ ፈት ናቸው ማለት ነበር። ባቄላው ሲለቀም ግንዱን አጨድነው፣ ሥሩን እዚያው ተውነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አክስቴ ራሳቸው መደቡ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ጠበቁኝ። አቦሉ ሲቀዳ ሞላነው። በረካው ሲጠጣ ውሃው አራት ጣት ወርዶ ነበር።